የማዶው ምሰሶዎች

መሐንዲሱን ያገኘችው ልብስ አጣቢዋ ናት። ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የደረቀላትን አንሶላ ሰብስባ ከወንዙ ዳር ስትመለስ፣ ከሁለተኛው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ምሰሶ ሥር አንድ ሰው በግንባሩ ተደፍቶ አየች። «ጠጥቶ ነው» አለች ለራሷ። ቀረብ ስትል ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ ነው። ማጅራቱን ስታይ ግን አንሶላውን ጭቃ ላይ ጥላ እሪታዋን አቀለጠችው።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሰዉ እንደ ንብ ከቦ ነበር። የጣቢያው ሰዎች «ወፍጮ» ይሏታል፤ ቀስ ብላ ትፈጫለች፣ ሳታደቅ ግን አትተውም ለማለት ነው። አብሯት የመጣው ሳጅን ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር የቀረው፣ ሬሳ ባየ ቁጥር ቆቡን አውልቆ ሳል የሚይዘው ሽማግሌ ነው።

«ከኋላ ነው የተመታው፣ አለቃ» አለ ሳጅኑ እየሳለ። «አንድ ጊዜ ብቻ። የመታው ሰው ደግሞ እቃውን ርቆ አልጣለውም።»

ደንገሉ ውስጥ የወደቀውን ብረት አነሳ። መብራት ሲጠፋ ሳይረኑ በእጅ የሚዞርበት የምሰሶው መዘውር ነበር፤ ክንድ ያህል ይረዝማል፣ ከባድ ነው። ከምሰሶው ሥር ባለው የሲሚንቶ መደብ ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ባዶ ነው። ሌላው አልተነካም፤ ዝንብ ገብቶበታል።

ኢንስፔክተሯ ብርጭቆዎቹን ቆማ አየቻቸው። «ሻይ የጋበዘውን ሰው ጀርባ ሰጥቶታል» አለች። «ከማያምነው ሰው ጋር አይደለም የተቀመጠው።»

ወንዙ ድንበር ነው። ወዲህ አንድ አገር፣ ወዲያ ሌላ አገር። የሁለቱ ዳርቻ አስተዳደሮች ከየመንግሥታቸው ካዝና አዋጥተው የጋራ ፈንድ ካቋቋሙ ስድስት ዓመት ሆኗል። ድልድዩ በዚያ ፈንድ ተሠራ፤ በድልድዩ ራስ ላይ የሁለቱም ወገን ሰዎች አብረው የሚሠሩበት ጽሕፈት ቤት ተከፈተ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ስምንት የማስጠንቀቂያ ምሰሶዎች ተተከሉ፤ አራት ወዲህ፣ አራት ማዶ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ከሦስት ወር በፊት ጎርፉ ሲመጣ የወዲህኞቹ ምሰሶዎች ጮኹ፤ ሕዝቡ ዳገት ወጥቶ ተረፈ። የማዶዎቹ ትንፍሽ አላሉም። ዘጠኝ ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወገኖች «ጥፋቱ የእናንተ ነው» እየተባባሉ ፈንዱ ታግዷል። የምሰሶዎቹ መሐንዲስ ደግሞ ይኸው ተደፍቶ ተገኘ።

ሻይ ሻጯ ስትጠየቅ እንባዋን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች መለሰች።

«የኔ እናት፣ ሰባት ሰዓት ከሩብ ግድም ነው የመጣው። ሁለት ሻይ ወሰደ፤ አንዱን ያለ ስኳር። ‹ብርጭቆዎቹን ራሴ እመልሳለሁ› አለኝ። እኔ ሞኟ እስካሁን እየጠበቅሁት ነበር።»

«አብሮት ሰው አይተሻል?»

«ብቻውን ነበር። ፊቱ ግን ልክ አልነበረም። ሐኪም ቤት ውጤት ሊቀበል እንደሚሄድ ሰው ነው የመሰለኝ።»

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሳይፈለግ ነው የመጣው። ሰዉ ሁሉ ጀልበኛውን ጠቆመ። ድልድዩ ከተሠራ ወዲህ እንጀራው ተዘግቶበታል፤ ባለፈው ወር ገበያ መሃል መሐንዲሱን አንገቱን ይዞ «ከምሰሶህ ጋር አስሬ ወንዝ እጨምርሃለሁ!» ብሎት ነበር። ቤቱ ሲሄዱ አንድ ጉንጩ እንደ ዱባ አብጦ፣ አፉ በጥጥ ተወትፎ በሩ ላይ ተቀምጦ አገኙት።

«ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርክ?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ጤና ጣቢያ» አለ በጥጡ መሃል። «መንጋጋዬን ሲነቅሉኝ። እህቴ፣ ሊወጣልኝ ሲል ያ የተረገመ ሳይረን አንዴ ጮኸ። ነርሷ ጉጠቱን አፌ ውስጥ ትታው ዳገት ወጣች! ጎርፍ ሳይሆን ቀረና ተመልሳ ነቀለችልኝ።»

ሳጅኑ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ነርሷ ስትጠየቅ እያፈረች አመነች፤ ጀልበኛው ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ከወንበሩ አልተነሳም፣ እሷ ስትሮጥም የያዙት ሦስት ሰዎች አልለቀቁትም። ከተማውም ሁሉ ያቺን አንዲት አጭር ጩኸት ሰምቷል። በጋራ ጽሕፈት ቤቱ ያለው መመዝገቢያ ማሽን ሲታይ፣ ሁለተኛው ምሰሶ በእጅ ተጭኖ የጮኸው ሰባት ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ ነው ይላል።

«ማን ነው ሰው ሊገድል ሲል ከተማ የሚጠራ?» አለ ሳጅኑ።

ኢንስፔክተሯ ጥያቄውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

የመሐንዲሱ ሚስት የመጣውን ለቀስተኛ በሙሉ በዓይኗ እየቆጠረች፣ እንባ ሳይወጣት ሳሎኑ ጥግ ተቀምጣ ነበር። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ጠዋት ሲወጣ ምን አለሽ?»

«‹ዛሬ ይህን ነገር ከላዬ አውርጄ እገላገላለሁ› አለኝ። ቢጫ ፋይል ብብቱ ሥር አድርጎ ነበር። ከጎርፉ ወዲህ እኮ እንቅልፍ አልነበረውም። ስጠይቀው ‹ነገ› ይለኛል።»

ፋይሉ ከሬሳው ጋር አልተገኘም።

«ጠላት ነበረው?»

«ጀልበኛው ይጮህበታል እንጂ ጠላት አይባልም። ከአለቃው ጋር ግን ሰኞ ዕለት ተጣልቶ ነው የገባው።»

«ወዳጅስ?»

«ወዳጁ አስተርጓሚው ነው፤ የማዶው። ወንድም በለው። ልጁን ጎርፉ ሲወስድበት ባሌ ተሻግሮ ሦስት ቀን ጭቃ ውስጥ በእጁ ሲፈልግ ከረመ። ያገኛትም እሱ ነው። ሰባት ዓመቷ ነበር።» ሴትየዋ መዳፏን አየች። «ሄጄ ልነግረው ይገባኛል። የሚነግረው ሰው ይኖር ይሆን?»

በመሐንዲሱ አለቃ፣ በጋራ ጽሕፈት ቤቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ጠረጴዛ ላይ የመድኃኒት ብልቃጥና የሁለቱ አገሮች ትናንሽ ባንዲራዎች ነበሩ። ሻይ አስቀረበ፤ ለራሱ ያለ ስኳር።

ሳጅኑ ኢንስፔክተሯን በክርኑ ነካ አደረጋት።

«ስኳር አይወስዱም?» አለች።

«በሽታ አለብኝ። ምነው?»

«ሰኞ ከመሐንዲሱ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

ሰውየው በሩን ዘጋ። ከዚያ፣ የተጠየቀውን ብቻ ሊመልስ ጀምሮ፣ ማቆም አቃተው። የማዶዎቹ አራት ምሰሶዎች መቼም ተገናኝተው አያውቁም። ምልክቱን ወንዝ የሚያሻግረው መሣሪያ በሣጥን እንደታሸገ ድንበር ላይ ቀርቷል። የእኛ ጉምሩክ «ወጪ ዕቃ ነው፣ ፈቃድ አምጡ» ይላል፤ የማዶው «ገቢ ዕቃ ነው፣ ቀረጥ ክፈሉ» ይላል። የዓመቱ በጀት የሚዘጋበት ቀን ደረሰ። ሥራው አልቋል ተብሎ ካልተፈረመ ገንዘቡ በሙሉ ተመላሽ ይሆናል።

«ስለዚህ ፈረሙ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ፈረምን። አሥራ ሁለት ሰው ነን፤ ስድስት ከወዲህ፣ ስድስት ከማዶ። ሣጥኑ በወር ውስጥ ይለቀቃል ብለን። እሱ መፈረም አልፈለገም ነበር፤ ‹ካልፈረምክ የወዲህኞቹም አራቱ ይቀራሉ› አልኩት። እውነቴን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑ እንዲለቀቅ አሥራ አራት ደብዳቤ ጻፈ። ለሚመለከተው ሁሉ። ሰኞ ዕለት መጥቶ ‹ነገ ደብዳቤዎቹን አወጣቸዋለሁ› አለኝ። ‹ልጆችህን አስብ› አልኩት።»

«ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፤ ፈንዱ እንዲለቀቅ በስክሪን ስብሰባ ላይ። ከዋና ከተማ አምስት ባለሥልጣን ሲመለከቱኝ ነበር። ከስድስት ተኩል እስከ ዘጠኝ።»

አምስቱም ተጠይቀው መሰከሩ። ሳጅኑ ተናደደ። «ሻዩስ? ያለ ስኳሩ ሻይ?»

ኢንስፔክተሯ ለመሐንዲሱ ሚስት ደወለች። ያለ ስኳር የሚጠጣው ራሱ መሐንዲሱ ነበር። ስኳር የገባበት ሻይ ለእንግዳው ነው፤ ዝንብ የገባበት።

አስተርጓሚውን በስልክ ነው ያገኘችው። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። በጽሕፈት ቤቱ ከሁሉም የሚቀልደው እሱ ነበር አሉ፤ በሁለቱም ቋንቋ ስለሚያስቅ «ባለ ሁለት አፍ» ይሉታል። አሁን አንዱም አፍ የሚሠራ አይመስልም።

«ማክሰኞ ቀትር ላይ የት ነበርክ?» አለችው።

«የድልድዩ መዝገብ ይናገራል» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ድልድዩ ላይ ሁለቱም ወገን የሚመዘግበው የሚገባውን ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ማዶ የተሻገረ ሰው የሚገኘው በማዶው መዝገብ ነው። የማዶው መቶ አለቃ የመዝገቡን ገጽ ፎቶ አንስቶ ላከላት። አስተርጓሚው የገባው ሰባት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ነው። መሐንዲሱ ገና ሻይ አልገዛም ነበር። ኢንስፔክተሯ ስሙን ከዝርዝሯ ሰረዘች፤ እፎይ ማለቷን ራሷ ታዘበች።

አራት ቀን ባዶ እጇን ከረመች። ዝርዝሩ አለቀ፤ የጣቢያው አዛዥ «ጀልበኛውን እንደገና እዩት» ማለት ጀመረ። ቅዳሜ ጠዋት ለማዶው መቶ አለቃ መልእክት ላከች፤ የዚያን ቀን የተሻገሩትን ሁሉ ዝርዝር እንዲያነብላት፣ አራት ሰዓት ላይ እንዲደውል። አራት ሰዓት ሆነ፤ አልደወለም። አራት ተኩል። ልክ አምስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«አስጠበቅኸኝ እኮ» አለችው።

«ምን አስጠበቅሁሽ? አራት ሰዓት አልሽ፣ አራት ሰዓት ደወልኩ።»

ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። «አምስት ነው።»

«ውይ!» አለ መቶ አለቃው። «ለእናንተ አልተጻፈላችሁም ማለት ነው? የጋራ ሰዓቱ እኮ ቀርቷል። የእኛ አገር ሰዓት ከእናንተ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ድልድዩ ላይ በአንድ ዓይነት ሰዓት እንድንሠራ የሚያደርገን የፈንዱ ውል ነበር። ፈንዱ ታገደ፤ ከሰኞ ጀምሮ በየራሳችሁ ተባልን። ሦስት ቀን ሙሉ ምሳዬን ሳላውቅ ነው ያለፈኝ።»

«ከየትኛው ሰኞ?»

«ከዚህ ሳምንት ሰኞ።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀት ስባ ቁጥሮቹን ጻፈች። በማዶው ሰባት ሰዓት ከሁለት፣ በወዲህኛው ስምንት ሰዓት ከሁለት ነው። ሳይረኑ የጮኸው ሰባት ከአርባ አንድ። ከሁለተኛው ምሰሶ እስከ ድልድዩ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

«ዛሬ ብሻገር ታስገባኛለህ?» አለችው።

መቶ አለቃው ገባው። «እንደ እንግዳ ነይ። የፖሊስ መታወቂያሽን ጣቢያ ተይው። እኔም መያዝ አልችልም፤ ወንጀሉ በእኛ መሬት አይደለም፣ ተጠርጣሪ የምንለዋወጥበትም ስምምነት እዚያው የፈንዱ ውል ውስጥ ነው።»

ቤቱ ከማዶው አራተኛ ምሰሶ ሥር፣ ሃያ እርምጃ ላይ ነበር። ጎርፉ የደረሰበት መስመር እስከ ትከሻ ድረስ ግድግዳውን ቡናማ አድርጎታል። አስተርጓሚው በሩን ከፍቶ ሲያያት አልደነገጠም። ጠረጴዛው ላይ ቢጫው ፋይል ተዘርግቷል፤ አጠገቡ በሌላ ቋንቋ የተጻፉ ወረቀቶች ተደርድረዋል።

«እየተረጎምኳቸው ነው» አለ። «አሥራ አንዱን ጨርሻለሁ። እሱ የፈለገው ይህንን ነበር። የማዶ ሰው በራሱ ቋንቋ እንዲያነበው።»

«አልዋሸኸኝም» አለች ኢንስፔክተሯ።

«መዋሸት አቅቶኝ ነው እንጂ ጨዋነት አይደለም። ሰዓቱ ስለመለወጡም ያወቅሁት በኋላ ነው። ልትመጪ ነው እያልኩ ስጠብቅሽ፣ አልመጣሽም። ደውዬ ልነግርሽ ስልኩን አነሳለሁ፣ እመልሳለሁ።»

ወንበር ሰጣት፤ እሱ ቆሞ ቀረ።

«ሻይ አስቀምጦልኝ ነበር» አለ። «ፋይሉን ሰጠኝ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ አነበብኩ፤ ቀኑን አየሁ። ሁለት ዓመት! የሥራ ማጠናቀቂያውን ወረቀት ወደ ቋንቋችን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። እሱ ‹ተተክለዋል› ብሎ ነው የጻፈው። እኔ ‹ይሠራሉ› ብዬ ተረጎምኩት። የተተከለ የማይሠራ ምን ይባላል ብዬ! አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ዝም አለኝ። እኔ ደግሞ ልጄን ‹ከምሰሶው ሥር ነን፣ አትፍሪ፣ ይጮሃል› እያልኩ አስተኛታለሁ።»

ኢንስፔክተሯ በመስኮቱ የቆመውን ምሰሶ አየች።

«‹ይሄኛውስ ይጮሃል?› አልኩት። ‹አዎ› አለኝ። አላመንኩትም። ቁልፉን ተጫንኩት። ጮኸ። ሰው ሁሉ ሲሮጥ አየሁ፤ ልጆች ተሸክመው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ዳገት ሲወጡ። እሱ ዞሮ ሰዉን ‹ምንም አይደለም፣ ተመለሱ› እያለ በእጁ ምልክት ይሰጣል። ብረቱ እጄ ላይ እንዴት እንደመጣ አላውቅም።» ትከሻው ወረደ። «ሦስት ደብዳቤ ይቀረኛል። ስጨርስ ራሴ እመጣለሁ። ጎትተሽ ልትወስጂኝ አትችይም፣ አውቃለሁ። እመጣለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የወረቀት ጉዳይ ሆነ። የጣቢያው አዛዥ ሪፖርቷን አንብቦ አንገቱን ነቀነቀ። «ጎበዝ» አለ። «ለዋና ከተማ እንጽፋለን።» ዋና ከተማው ለውጭ ጉዳይ ጻፈ። ውጭ ጉዳይ ጉዳዩ የጋራ ኮሚቴው ነው አለ። የጋራ ኮሚቴው ፈንዱ እስኪለቀቅ አይሰበሰብም። ስለ ደብዳቤዎቹ፣ ስለ አሥራ ሁለቱ ፈራሚዎች የጻፈችው ሌላው ሪፖርት መልስ እንኳ አልመጣለትም። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት በእድገት ተዛወረ። የማዶዎቹ ምሰሶዎች እንደቆሙ ናቸው።

«አለቃ፣ ይሄን ወንዝ ያሰመረው ማን ነው?» አለ ሳጅኑ።

«አምላክ ነዋ፣ ጋሼ።»

«አምላክማ ውኃ ብቻ ነው ያፈሰሰው» አለ ሳጅኑ።

ለመሐንዲሱ ሚስት ራሷ ሄዳ ነገረቻት። ሴትየዋ ስሙን ስትሰማ ወደ ጓዳው ዞረች። ከዚያ «ምሳውን እኔ ነበርኩ የምቋጥርለት» አለች። «ለሁለቱም።»

በነገረቻት በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከድልድዩ ጠባቂ ተደወለ። «አንድ ሰው ከማዶ መጥቶ አንቺን ይፈልጋል።» ኢንስፔክተሯ በመኪና ስትበር፣ የመሐንዲሱን ሚስት መንገድ ላይ አየቻት፤ ወሬው ቀድሟት በእግሯ እየመጣች ነበር። አቁማ ጫነቻት። ትክክል ይሁን ስህተት ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም።

አስተርጓሚው ከብረት መዝጊያው ወዲያ ቆሟል። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ትንሽ ቦርሳ ይዟል፣ ቢጫው ፋይል ብብቱ ሥር ነው።

«የጋራ ሠራተኛ መታወቂያው አያሳልፍም» አለ የወዲህኛው ጠባቂ፣ ወጣት ወታደር፣ ላብ እያጠመቀው። «ፈንዱ ስለታገደ ሰሞኑን ሁሉም ተሰርዟል። ቪዛ ያስፈልገዋል።»

«እጁን ሊሰጥ ነው የመጣው» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ነግሮኛል፣ እመቤቴ። ሰው ገድያለሁ አለኝ። ለአለቃዬ ደወልኩ። ‹ሰው ገድያለሁ ላለ ቪዛ አይሰጥም፣ ያለ ቪዛ ካለፈ ተኩስ› አሉኝ።» መሣሪያውን ወደ ታች አደረገ። «እባክሽ ወደዚህ እንዳታስጠጊው።»

«ፋይሉንስ? ወረቀቱን ብቻ ተቀበለው።»

«ሰነድ በፖስታ ነው፣ እመቤቴ። ፖስታውም ከፈንዱ ጋር ቆሟል።»

ኢንስፔክተሯ ስልኳን አውጥታ አዛዡ ጋ ደወለች። አዛዡ አላነሳም። ዋና ከተማ ደወለች። «ይጠብቁ» የሚል ሙዚቃ ተለቀቀላት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ የቆመውን፣ ጉዳዩን ጨርሳ የፈታችውን፣ ልትይዘው ያልቻለችውን ሰው አየችው። እሱ ግን እሷን አልነበረም የሚያየው።

የመሐንዲሱ ሚስት መዝጊያው ድረስ ሄዳለች። ወታደሩ ሊከለክላት ፈለገ፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

«ሲሞት ምን አለ?» አለችው።

አስተርጓሚው አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አንድ ቃል አጣ። ሲቆይ «ምንም አላለም» አለ። «ፊቱ ወደ ሰዉ ነበር። ‹ተመለሱ፣ ምንም የለም› እያለ ነበር።»

«አልዞረም?»

«አልዞረም።»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ከማዶው በኩል መቶ አለቃው መጥቶ አስተርጓሚውን በክንዱ ያዘውና በቀስታ ወደ ኋላ መለሰው። ሰውየው እየተጎተተም አንገቱን አዙሮ ነበር። ስልኩ ውስጥ ሙዚቃው ቀጥሏል። ኢንስፔክተሯ ዘጋችው።

የመሐንዲሱን ሚስት በመኪናዋ መለሰቻት። ኢንስፔክተሯ ይቅርታ መጠየቅ ፈለገች፤ በማን ስም እንደምትጠይቅ ግን ጠፋባት። ቤቱ በር ላይ ስታቆም ሴትየዋ አልወረደችም።

«ነገም ይመጣል?» አለች።

«ይመጣል። ሰውየውን አይቼዋለሁ። ይመጣል።»

«ነገም ያው ይመልሱታል።»

«አዎ።»

ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ የመኪናውን በር ከፈተች፤ አንድ እግሯን መሬት አስነክታ ቆየች።

«እንግዲያው ነገም በዚህ ሰዓት መጥተሽ ውሰጂኝ» አለች። «ሌላ የምጠይቀው አለኝ።»